አንድ ሰርግ ለሁለት አገር አሳይ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ የጥር ፀሐይ እንዲህ ጀርባ እያሞቀ ይህ ወሬ ካልተነገረ መቼ ሊነገር ነው? እንግዳ መቀበል እኮ ከባድ አይደለም። ከባዱ እንግዳ አምጪዎቹ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ በገዛ ሰርጌ የደረሰብኝን ስሙ።

ያኔ ያለ ፈቃድ ዳስ ጥሎ ሰው መሰብሰብ የለም። ጣሊያኖቹ ደግሞ ለእንግዶቻቸው አገር የሚያሳዩ ሁለት ቢሮዎች ነበሯቸው፤ አንዱ የከተማው፣ አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ። ሰርግህን ለእንግዶቻችን ካሳየህ ፈቃድ እናስጨርስልሃለን ይላሉ። አባቴ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ አንዱ እንኳ እንቢ ቢለኝ ብሎ ሁለቱም ዘንድ ሄደ። ሁለቱም እሺ አሉት! ከዚህ የባሰ መከራ አለ?

የከተማው፣ ሙሽራዋ ጠዋት ትውጣ አለ። የጠቅላይ ግዛቱ፣ የለም፣ ለፎቶግራፍ ብርሃኑ የሚያምረው ከሰዓት ነው አለ። አባቴ በአስተርጓሚ፣ “ጌታዬ፣ አንድ ላይ ብትመጡስ?” ቢለው፣ ጣሊያኑ “ከእነዚያ ጋር?” ብሎ ሚስቱን የነጠቁት ያህል ተቆጣ። አይ መንግሥት! አገር ሙሉ ይዘው አንድ ዳስ መካፈል አቃታቸው።

“እንግዲያው ሁለቴ ትውጣና ይለቅልን” አለ አባቴ። ይህን አስኮ ያሉት የሙሽራው እናት ሰሙ። “ሙሽራ ከአባቷ ቤት አንዴ ከወጣች ለመልስ ካልሆነ አትመለስም። ሁለቴ የምትወጣ ከሆነ ለልጄ ሌላ አጭለታለሁ” ብለው ላኩ። እኔ ደግሞ ሙሽራዬን ታደሰን ገበያ ላይ ካየሁት ወዲህ እህል አልወርድ ያለኝ ሰው፣ እሱን ልጣ? ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ጊዜ ባሏ የሞተባት አክስቴ ጥሩነሽ፣ “አንቺ ምን ያስለቅስሻል? ጠዋት ሂጂ። ለከሰዓቱ እኔ ተሸፋፍኜ እወጣላቸዋለሁ፤ ጣሊያን የማንን ዕድሜ ያውቃል?” አለች። ሙሽራውስ? ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ተለመኑ። እሳቸውም ሚስት የሞተችባቸው ናቸው፤ ፍየላቸው የአክስቴን ጌሾ እየበላች ሁልጊዜ ይነታረካሉ። “ከዚህች ጋር? ለይስሙላም ቢሆን!” ብለው አጉረመረሙ። የሙሽራው ካባ ሲመጣላቸው ግን ዓይናቸው በራ። አክስቴም፣ “ቶሎ ይልበሱት እንጂ፣ ፍየልዎ ሳትበላው!” አለቻቸው።

እኔ ጠዋት በበቅሎ አስኮ ገባሁ፤ የከተማው እንግዶች አጨበጨቡልኝ። ቀሪውን የነገሩኝ ለመልስ ስመጣ ነው። ከሰዓት የጠቅላይ ግዛቱ እንግዶች ካሜራቸውን ደቀኑ፤ ሁለቱ የውሸት ሙሽሮች የሽማግሌ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው አባባ ደገፉ ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋትም አልነበሩ፤ ምስጢሩን የነገራቸውም የለ። እጃቸውን ዘርግተው ከልባቸው “ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ” ብለው መረቁ። ድግስተኛው ሁሉ “አሜን!” አለ።

ኋላ ቀልድ ነው ቢሏቸው አባባ ደገፉ ቱግ አሉ። “ታዲያ ምርቃቴን እንደ ጋቢ አጣጥፋችሁ ልትመልሱልኝ ነው?” ማን ደፍሮ ይመልስ? ጋሽ ወልዴም ካባውን ለማውለቅ አልቸኮሉም፤ አክስቴም ያውልቁ አላለችም።

ከዚያማ እኔና ታደሰ አስኮ ወለድን ከበድን፤ አማቴም የልጅ ልጅ ታቅፈው አረፉ። ታደሰም ካለፈ ቆየ። ሁለቱ ቢሮዎች ጣሊያን ሲሸነፍ ባንድ ካሚዮን ተጭነው ሄዱ፤ የተስማሙት ያኔ ብቻ ነው። አክስቴና ጋሽ ወልዴ እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ያጋባችሁ ማነው ብለው ሲጠይቋት፣ “ሁለት ቢሮ አለመነጋገሩ!” ትል ነበር።