የወንድሜን ብስክሌት በሳንቲም ስመረምር

የዛሬውን ውርደቴን እኔ ራሴ ካልነገርኳችሁ ወንድሜ በቪዲዮ ይለቅላችኋል። ስለዚህ ልቅደመው!

ሥራዬ የአውሮፕላን የካርቦን ክፍሎችን መመርመር ነው። ማሽን አለን፤ ግን በሳንቲምም መታ መታ እያደረግን እናዳምጣለን። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተጎዳው የታፈነ ነው፣ ዱፍ ይላል።

ታናሽ ወንድሜ ክብሮም ደግሞ ብስክሌተኛ ነው። ነገ ለክለብ የሚመረጥበት ውድድር አለው። ብስክሌቱ ካርቦን ነው።

ይሄን ብስክሌት ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ጉርድ ሾላ ላይ ዱብ!

"ጭረት እንኳን የለውም" አለኝ ደውሎ።

እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ብረት ሲመታ ይሰረጉዳል፣ ታዩታላችሁ። ካርቦን ግን ላዩ አምሮበት፣ ውስጥ ውስጡን የተነባበረው ይላቀቃል። ከዚያ በየኮብልስቶኑ በነጠረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ቀጭ ነው!

ከሥራ አስፈቅጄ ጎሮ ልምምድ ቦታቸው በረርኩ። አሰልጣኙም ብስክሌተኞቹም ከበቡኝ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ ትንሽ አክት አደርጋለሁ፣ ምን ላድርግ!

የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አድርጌ "ደህና ነው" ብዬ አለፍኩት። ኮርቻው ሥር ያለው ቱቦ ላይ ስደርስ ግን ዱፍ!

ደገምኩት። ዱፍ!

"አበቃለት። በዚህ ማንም አይነዳም" አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ። የክብሮም ዓይን እንባ አቀረረ።

አሰልጣኙ ኮርቻውን ፈታና ቱቦው ውስጥ ጣቱን ከተተ።

ጨርቅ!

የተወተፈ ነጭ ጨርቅ፣ ውስጡ በፌስታል የታሰረ እምነት። አዎ፣ ከቤተክርስቲያን የሚመጣው፣ ግንባር የምንቀባው!

እናቴ ጋ ደወልን፣ ላውድ ላይ።

"ሊያጸዳው ኮርቻውን የፈታ ዕለት ነው የከተትኩት። ሄልሜት ብቻውን ምን ያደርግለታል?" አለች፣ ያለምንም ሀፍረት።

ሳቁ! አሰልጣኙ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ኢንጂነር፣ አውሮፕላኖቹንም እንዲህ ነው የምትመረምሪው?" አለኝ። ከእንግዲህ በአውሮፕላን አልሄድም ያለም አለ።

እልህ ያዘኝ። እንደ አዲስ ከፊት ጀመርኩ፣ አሁን ቀስ ብዬ፣ ጆሮዬን ለጥፌ። የሹካው ግራ እግር ላይ ዱፍ።

"እማዬ እዚያም ከትታ ይሆናላ!" አለ ክብሮም። እንደገና ሳቅ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

"ኧረ እኔ እዚያ ምንም አልከተትኩም" አለች እናቴ።



አሰልጣኙ ጎማውን አውልቆ ሹካውን ጫን ሲያደርገው ከውስጥ ቅጭ ቅጭ ይላል። ክብሮም ነገ በአሰልጣኙ ብስክሌት ይወዳደራል።

እናቴ "እምነቱ ነው ያተረፈው" ብላ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ያልሰማት የለም። ሳይንስ አስረድቼ ልከራከራት ነበር።

ግን ያ ጨርቅ ባይኖር እኮ "ደህና ነው፣ ንዳው!" ብዬው ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። እስቲ አሁን ምን ብዬ ልከራከራት?