ከቅቤው የዘገየ ትምህርት

ማስረዳት የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ውኃ ለጠማው ስለ ዝናብ አመጣጥ የሚተርክ? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ቆቦ ውስጥ ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ ራሴ ነኝ።

ማሽላው በቆመበት በደረቀበት ዓመት የአከራዬ የእትዬ ዘሀራ ወንድም ከሮቢት ገጠር በቃሬዛ መጣ። አጥንቱ ይቆጠራል። እትዬ ለክፉ ቀን ያኖሩትን ቅቤ አቅልጠው በጣሳ አቀረቡለት፤ በአገሩ የደከመ ሰው የሚጠገነው በቅቤ ነው።

«ይቆዩ እትዬ፣ ላስረዳዎት!» አልኩና እንጨት አንስቼ መሬት ላይ አንጀት ሳልኩ። ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም ደግሞ ይሰባብረዋል።

«ቢስሚላህ በል፣ ጠጣ የናቴ ልጅ» ይላሉ እትዬ።

ሰው ብዙ ሲራብ ኢንዛይሙም እንደሚያንስ፣ ቅቤውም እንደማይፈጭለት ልናገር ቀና ስል ጣሳው ባዶ ነበር።

ተቅማጡ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።

ከቀብር ስመለስ እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ያን ለት መሬት ስትጭር ምን ልትለኝ ነበር?»

«እንዳያጠጡት ነበር።»



«ታዲያ ምነው እሱኑ አስቀድመህ ብትለኝ!»