በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሲስተም

አሮጌውን ሳይለቅ አዲሱን የሚደርብ ሰው ገጥሟችኋል? ካልገጠማችሁ ወረታ ኑ፤ መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈውን ጌጡን አሳያችኋለሁ። በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሲስተም ጭኗል።

«ጋሼ፣ አዲሱ አማርኛ ይጽፋል፤ ማተሚያው የሚታዘዘው ግን ለአሮጌው ነው» አለኝ።

ሁለት በሬ ጠምዶ፣ አንዱ ሲያርስ ሌላውን የሚያስተኛ ገበሬ የት አገር አለ?

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከሸበትሁ ወዲያ ነው፤ በጽሑፍ ቀልድ አላውቅም። ጎረቤቴ ቦዩን ዘግቶብኝ ሩዜ ሊደርቅ ስለሆነ አቤቱታ አስጻፍሁ። ጌጡ በአዲሱ ጻፈ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በአሮጌው አስነሳና አተመ። ከስሜ ጀምሮ ወረቀቱን የሞላው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይህ?»

«አሮጌው የአማርኛ ፊደል የለውም። ነገ ይስተካከላል።»

«ሩዙ ነገን ይጠብቃል፣ አንተ?»

በንዴት ባለ ሳጥኑን ወረቀት እንዳለ ወስጄ ለቀበሌው ኃላፊ ሰጠሁ። ከላይ እስከ ታች አየና ማኅተም መታበት።

«አባቴ፣ ጥያቄዎ ግልጽ ነው። መልካም አስተዳደር ማለት ይኸው ነው።»

ጎረቤቴም መልሱን እዚያው ጌጡ ዘንድ አስጽፎ አመጣ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስተያየና ፈገግ አለ።

«ሐሳባችሁ አንድ ነው። በሉ፣ ታርቃችኋል!»

ቦዩ እንደ ተዘጋ ነው።