የጸጥተኛዋ ሞተር በደል

በትጋቱ ስሙ ገንኖ የኖረው የዚህ መሥሪያ ቤት ምስጢር አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እንደነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ሳይመዘግቡት ቢያልፉ ትልቅ ነውር ነው። ኃላፊው መኪና ስላልነበራቸው ዘወትር ጠዋት ከሞተረኛው ጀርባ ተፈናጠው ይመጣሉ። ሞተሩ ቤንዚኑን ጠጥቶ ሲያገሳ ከሦስት መንገድ ማዶ ይሰማል። ይኼኔ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ዳንቴሏን መሳቢያ ውስጥ ትወሽቃለች፣ ሒሳብ ሹሙ ከተንጋለለበት ይነሣል፣ ካርታ የሚጫወቱትም ካርታቸውን ሰብስበው ፋይል ይገልጣሉ። ኃላፊው ሲገቡ ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰነፍ ሠራተኛ አላየሁም» እያሉ በየስብሰባው ይምሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አላዩም።

የዚህ ሁሉ ትጋት ዕዳ ግን ያረፈው በሞተረኛው ደረት ላይ ነበር። ጭሱን ሲምግ ኖሮ ሳሉ ሌሊት እንኳ አያስተኛውም፤ ሚስቱም አብራው ታድራለች እንጂ አትተኛም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፦ «ከዚህ ጭስ ካልራቅህ ደረት አለኝ ብለህ አትቁጠር።»

ስለዚህ «ዘመኑን የዋጀ የትራንስፖርት ሽግግር» በሚል መመሪያ አንዲት የኤሌክትሪክ ሞተር ስትመጣ ከሁሉ አብልጦ የተደሰተው እሱ ነው። ኃላፊው ሪባን ቆረጡ፤ ንግግርም አደረጉ።

«አባቶቻችን ዝምታ ወርቅ ነው ብለዋል። እነሆ፣ ዛሬ ወርቁ ላይ ተቀመጥንበት!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉ አስበልጣ ያጨበጨበችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ነበረች፤ የሚመጣባትን መች አወቀች።

በማግስቱ ኃላፊው እንደ ልማዳቸው በሰዓታቸው ደረሱ። ሞተሯ ኮሽ አላለችም። በሩን ሲከፍቱ ሒሳብ ሹሙ ሁለት ወንበር ገጥሞ ያንኮራፋል፤ ዳንቴሉ ጠረጴዛውን አልፎ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንዴ ጋሼ! መቼ መጡ?» አለ ሒሳብ ሹሙ ጫማውን በእግሩ እየፈለገ።

«አሁን!»

«ያለ ድምፅ?» አለ፣ እንደተከዳ ሰው ቅር ብሎት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ሞተረኛውን ግቢው ውስጥ ከበቡት።

«ወንድምዓለም፣ ምን በደልንህ?» አለችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። «ምናለ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ አንዴ ጥሩምባ ብትነፋ?»

«ከልክለውኛል። "አንዲት ጥሩምባ ትነፋና ወዮልህ" ነው ያሉኝ።»

ኃላፊው ሞተሯን እንደ ዓይናቸው ብሌን ወደዷት። ማለዳ በበር፣ ከምሳ በኋላ በጓሮ፣ ሳይታሰቡ ከች ይሉ ጀመር። በመሥሪያ ቤቱም ታይቶ የማይታወቅ መቅሠፍት ወረደ፤ ሥራ ተጀመረ። አራት ዓመት የከረመ ማመልከቻ መልስ አገኘ፤ ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ሲቀበል ፈራና «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሞተረኛው ሳልም በወሩ ለቀቀው። ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ በማደሯ ጠዋት ደንግጣ ትንፋሹን አዳመጠች።

ኃላፊው ይህን ድል በዋናው መሥሪያ ቤት ላሉት የበላይ አለቃቸው በሰባት ገጽ ጻፉ። የበላይ አለቃውም «ይህችን ጉድ መጥቼ ልያት» አሉ። ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነበር፤ አለቃው ግን ማለዳ የሚነሡ ሰው ስለሆኑ ካረፉበት የእንግዳ ማረፊያ በሁለት ሰዓት ተኩል መጡ። በጸጥተኛዋ ሞተር ያመጣቸውም ሞተረኛው ነው። በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ሰው ሲቆጣጠሩ ሰንብተው ደክሟቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሶፋው ላይ ተዘርግተው ያንኮራፋሉ።

የበላይ አለቃው አልቀሰቀሷቸውም። ጥቂት ቆመው አዩና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ሞተሯ አጠገብ ሲደርሱ ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ይቺ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«አዎ ጌታዬ። ኮሽ አትልም።»

«ለዋናው መሥሪያ ቤት አሥር እንዲገዛ ፈርሜአለሁ።»

«እሰይ! የዋናው መሥሪያ ቤት ሞተረኞችም ከጭስ ተገላገሉ በሉኛ!»

«አንዷ የምትሰጠው ለእኔ አለቃ ነው» አሉ የበላይ አለቃው በመሐረብ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«እንግዲህ አለቃዎ በርዎ ላይ ይደርሳሉ ጌታዬ፤ ማንም ሳይሰማ።»

ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይባላል። ሞተሯ ግን አትጨስም፤ አትሳሳትምም። ይህ በደሏ ይቅር የሚባል አልነበረም። በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ «በተደረገው ጥልቅ ጥናት የኤሌክትሪክ ሞተር የሠራተኛውን የሥራ መንፈስ የሚያውክ፣ በኃላፊዎችም ላይ ድንገተኛ ድንጋጤ የሚያስከትል ሆኖ ስለተገኘ፣ ሞተሯ በላስቲክ ተሸፍና መጋዘን እንድትቀመጥና በቀድሞው ሞተር አገልግሎቱ እንዲቀጥል እናሳስባለን።»

ሠራተኛው ተቃቀፈ። ሞተረኛው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ። ደረቴ ገና መዳኑ ነው። ያ ጭስ ይገድለኛል።»

ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከልባቸው አዘኑ። ተነሥተው ትከሻውን ያዙት።

«ይገባኛል ልጄ። ሳልህ ሲመለስ ግን አደራህን፣ ቶሎ እንዳትታከመው። ሞተሩ አርጅቷል፤ የቆመ ቀን ሠራተኛው እንዳይደነግጥ ፊት ፊቴ እየሳልህ ታስገባኛለህ።»