የተቃጠለ ዘይትና የጥምቀት ውሃ

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው። ወሩ ጥር፤ ሰማዩ ዳምኗል፣ ዝናብ ይጥላል። ጥር ላይ ዝናብ! በእኔ አገር ጥር ላይ ከዘነበ አውድማ ላይ ያለው እህል በሰበሰ ማለት ነው፤ ሰው እግዚኦ ይላል። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ግን ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ፈረንጅ ከሰማይ ጋር ጠብ የለውም።

ከሰማዩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የዚህ አገር ቀዳዳ ነው። በገበሬ ቤት «ጣለው» የሚባል ቃል አለ እንጂ የሚጣልበት ቦታ የለም። አመዱ ጓሮ ይገባል፣ እበቱ ማሳ ይወርዳል፣ የዕቃው እጣቢ ጌሾው ሥር ይደፋል። ዛሬ የጣላችሁትን ከርሞ ጎመን ሆኖ ታገኙታላችሁ። እዚህ ግን ቤቱም መንገዱም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ማድ ቤት ቀዳዳ፣ መታጠቢያ ቤት ቀዳዳ፣ መንገድ ዳር የብረት ፍርግርግ የለበሰ ቀዳዳ። የሰጡትን ሁሉ ይውጣል፤ ጠገብሁ አይል፣ አነቀኝ አይል። ሰውም ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አንድ ጊዜ ጠየቅሁ።

የልጄ የአስቴር ባል ጌታሁን ታክሲ ነጂ ነው፤ የምንኖረውም አንድ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ጥምቀት እሁድ ዋለልንና ፈቃድ መለመን ቀረልን። እዚህ ታቦት ውጭ ስለማያድር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ በበዓሉ ጠዋት ታቦቱንና ቄሱን ወደ ባሕሩ ዳር የሚወስደው የጌታሁን ታክሲ እንዲሆን መረጠ። ሰው ባልበረከተበት አገር እንዲህ ያለ ክብር ቀላል አይደለም። ጌታሁን ዜናውን የሰማ ዕለት ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ። እዚያው መንገዳችን ላይ የሚኖሩት ጓደኞቹ ነጂዎች ግን ቅናታቸውን በቀልድ አወጡት።

«የሒሳቡን ሚትር ማጥፋት እንዳትረሳ!» አሉት። «ቄሱ ቲፕ ካልሰጡህስ?»

ቅዳሜ፣ የከተራ ዕለት፣ ጌታሁን በጠዋት መኪናው ሥር ገብቶ ተጋደመ። ከእግሩ በቀር የሚታይ የለም። መንገዱን ወደ ላይ ብመለከት የነጂው ሁሉ የመኪና ኮፈን ተከፍቷል፤ ቱቦው ይረጫል፣ ሳሙናው አረፋ ይደፍቃል። ታቦቱን አጅቦ የሚሄደው ሁሉ መኪናውን ሙሽራ ሊያደርግ ተነሥቷል።

«አባባ፣ ታቦት የሚጭን መኪና እንደ ባቡር ማጨስ የለበትም» አለኝ ጌታሁን ከሥር ሆኖ። «ኦይል ቼንጅ አድርጌ፣ አጥቤ፣ ነገ እንደ አዲስ ነው የሚሆን።»

ቀጥሎ እንደ ቅጥራን የጠቆረውን የተቃጠለ ዘይት በሳፋ ይዞ ወጣና ወደ መንገዱ ዳር ፍርግርግ ሄዶ ደፋው። ቀዳዳው ያለ ድምፅ ዋጠው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልሁት።

«አባባ፣ ዶንት ዎሪ። ሲቲው ያጣራዋል። ታክስ የምንከፍለው ለምን ሆነና?»

ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም።

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ግን አባራና ፀሐይ ወጣ። ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ ታክሲው እየመራ፣ የመኪናው ሰልፍ ተከትሎ፣ እየተዘመረ ከወደቡ ወዲህ ወዳለው ባሕር ዳር ወረድን። ጌታሁን ወርቅማውን ጃንጥላ ይዞ ከቄሱ ጎን ቆመ። ቄሱ ቀሲስ ታደሰ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳይስቁ የሚያስቁ ሰው ናቸው። ጸሎቱ ተጀመረ፤ መስቀሉ ወደ ውሃው ሊወርድ ትንሽ ሲቀረው እማማ ጥሩነሽ እልል አሉ።

እማማ ጥሩነሽ ዓይናቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። ጸበሉን ለዓይናቸው ብለው ከሳን ሆዜ ድረስ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል።

«ኪዳነ ኖኅ!» አሉ እየጮሁ። «ቀስተ ደመናው ውሃ ላይ ወረደ! እዩት!»

አየን። እውነት ነው፤ ውሃው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ሆኖ ይንቀለቀላል። እልልታው ቀለጠ። ሰዉ በጠርሙስ ለመቅዳት ይጋፋ ጀመር። እማማም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሞልተው ተመለሱ።

ሶስና የምትባል፣ በርክሌ ላብራቶሪ የምትሠራ ሴት ከመካከላችን አለች። ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ዓይንዎን እንዳያስነኩት። ይሄ ኦይል ነው። ያንን የሲሚንቶ ቱቦ ይዩት፤ የመንገዱ ፍርግርግ ሁሉ እዚህ ነው የሚወጣው። ማንም አያጣራውም።»

«አንቺ ደግሞ!» አላት አንዱ ነጂ። «በርክሌ ከገባሽ ወዲህ ተአምርም በማይክሮስኮፕ ሆነ?»

«ጾም በመጣ ቁጥር አሣ ይበላል አይበላም እያላችሁ ትከራከራላችሁ» አለች ሶስና። «ከዚሁ ከቤዩ ውሃ አይደል የምታጠምዱት? መጀመሪያ አሣው ራሱ ይኑር!»

ሳቁባት። እማማም እጃቸውን ከእጇ አላቀቁ። «ልጄ፣ እምነት ያድናል» አሉና ጠርሙሱን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ብናገር አማቼን፣ ያውም በክብሩ ቀን፣ በሕዝብ ፊት ማዋረዴ ነው፤ ዝም ብል የአሮጊቷ ዓይን ነው። በእኔ አገር መስኖ የሚጠጣ መንደር የውሃ አባት ይመርጣል። ከላይ ያለ ሰው ውሃውን ካበላሸ፣ የውሃ አባቱ ስሙን በጉባኤ ይጠራል። አባቴ የውሃ አባት ሳለ የገዛ ወንድሙን ጠርቷል። አጎቴ ለዓመት አኩርፎታል፤ ውሃው ግን ጠራ።

«ጥሩነሽ፣ ይቆዩ!» አልሁ። ድምፄን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «ይህ ቀስተ ደመና ከሰማይ የወረደ አይደለም። ትናንት ከእኛ ቤት ደጅ ነው የተነሣው። ጌታሁን ዘይቱን ፍርግርጉ ውስጥ ሲደፋ አይቻለሁ።»

ጃንጥላው ዘመመ። ጌታሁን መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ።

«ደፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን እኔ ብቻ ነኝ?»

ከሶስና ጋር ሲሟገት የነበረው ነጂ ጫማውን ይመለከት ጀመር፤ ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። ቀሲስ ታደሰ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱ።

«ትናንት ለበዓሉ ብሎ ዘይት ቀይሮ፣ መንገድ ዳር የደፋ እጁን ያንሣ» አሉ።

እጅ አንድ በአንድ ተነሣ። የነጂው ሁሉ እጅ ነበር።

«መልካም» አሉ ቄሱ። «መኪኖቹ ተጠምቀዋል። የቀረነው እኛ ነን።»

እማማ ጥሩነሽ ቀድመው ሳቁ፤ ጠርሙሳቸውንም ለሶስና ሰጧት። ሁላችንም ከቱቦው ርቀን፣ ከድንጋዮቹ ማዶ ነፋሱ ንጹሕ ውሃ ወደሚያመጣበት ዳር ሄድን። እዚያ ተባረክን፤ ውሃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙ ግን የውሃ ቀለም ነው።

ሰዉ ስቆ ረሳው። ጌታሁን ግን አልረሳም። ማታ ራት ላይ ዝም፣ ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞም ዝም። አስቴር በመካከላችን ሆና ጨው አቀባይ ሆነች። ዝምታ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሰው ሲሠራብኝ ያን ሰሞን ምን ያህል እንደሚከብድ ገባኝ። አንድ ቤት ሁለት ዝምተኛ አይችልም። እውነቱን በአደባባይ ተናግሬ ካዋረድሁት፣ ክብሩንም በአደባባይ ልመልስለት ቆረጥሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶስና ዘንድ ደውዬ ጠየቅሁና ሄይዋርድ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት የሚቀበል ጋራዥ መኖሩን ነገረችኝ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ነጂዎቹ ሁሉ እያዩ፣ የሰንበት ካፖርቴን እንደለበስሁ፣ መንገዱ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ለበዓሉ ዘይቷ ያልተቀየረውን የጎረቤታችንን መኪና፣ አስፈቅጄ፣ ኮፈኗን በእጄ መታ መታ አደረግሁ።

«የዚህን ዘይት የሚያወርድልኝ ጌታሁን ነው» አልሁ ጮክ ብዬ። «ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እኔ ጀሪካኑን እይዛለሁ።»

ጌታሁን ከደጃፉ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ካፖርትዎ!» አለ። ከእሁድ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። መጥቶ ከጎኔ ተጋደመ፣ ቡሎኑን ፈታ። ሌሎቹም ለበዓሉ ያልቀየሩትን የየቤታቸውን መኪና ዘይት ሊያወርዱ የየራሳቸውን ዕቃ ይዘው እያጉረመረሙ ተሰለፉ። ከቀትር በኋላ የሞላውን ጀሪካን ሁሉ ታክሲው ላይ ጫንን፤ እኔ ከፊት ተቀመጥሁ፣ እሱ ነዳ፣ ሄይዋርድ ሄደን አስረከብን።