ጎድሏል

ቀማሽ የሌለበት ዘመድ የለም። ሳይጠሩት ወጥ ቤት ይገባል፣ የድስት ክዳን ያነሳል፣ አገር ምድሩ ያመሰገነውን እሱ አንዴ ጎንጨት ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። የእናንተም ቤት አንድ እንዳለ አውቃለሁ። የእናንተው ግን ተራ ወታደር ነው፤ ጄኔራሉ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ሊቀ ቀማሾች፣ ክቡር አጎቴ!

ክቡርነታቸው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጣሪያ ላይ እየወጡ የውሃ ታንከር በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን ደቅነው "ጎድሏል" ሲሉ ኖረዋል። ከጣሪያው ሲወርዱ ታዲያ ቃሏም አብራ ወረደች። ሾርባ ቀምሰው "ጎድሏል"። የሙሽራ ኬክ ቀምሰው፣ ሙሽሮቹ ፊት፣ "ጎድሏል"። የጥርስ ሐኪሙ የሰጣቸውን መጉመጥመጫ እንኳ በአፋቸው ካገላበጡ በኋላ "ጎድሏል፤ ናና ቢጤ ጣል አድርግበት" ብለውታል። ሐኪሙ ጣል አደረገ አሉ። የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ሰውዬው አይሳሳቱም።

እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪዋ ታናሽ እህቴ ቢራ ልጥመቅ ብላ የተነሳችው እንዲህ ያሉ አጎት እያሏት ነው። ያውም የቤልጅየም ዓይነት። ከስንዴ የሚጠመቅ፣ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበት፣ እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀር፣ ሲቀዳ ደፍረስ የሚል። "እርሾ እንደሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው" አለች። አጎቴ ወሬውን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

"በልጅግ? እኔ የማውቀው በልጅግ ጠመንጃ ነው። እስቲ ይተኩስና እናያለን!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቢራው ስም በልጅግ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያውን ቀመሱ። "ጎድሏል። ድንብላሉ በደጅ አልፎ ሄዷል።" ሁለተኛውን ቀመሱ። "ጎድሏል። ቧንቧ ቢሆን ግፊት የለውም እልሽ ነበር።" በሦስተኛው ጊዜ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ሲያዩ እህቴ ቀደመቻቸው።

"ጋሼ፣ መደፍረሱ ወጉ ነው።"

"መደፍረሱንማ ተይው፣ ካልደፈረሰ አይጠራም። የጎደለው ልጣጩ ነው።"

እህቴ ልጣጩን ጨመረች። እንደ ቀልድ የጀመረችው ነገር በዚህ መሃል ቁም ነገር ሆኖ ነበር። ከዳቦ ቤቷ ማዶ ያለችው የመጠጥ ቤት ባለቤት "አጎትሽ ካሳለፉት ከመደርደሪያዬ አንድ ረድፍ ያንቺ ነው፤ እሳቸው ጎድሏል ያሉትን ግን ሰው አይነካልኝም" ብላታለች። "አሁንም ጎድሏል ካሉ የመጥመቂያ ድስቱን እሸጥና ዳቦዬን እጋግራለሁ" አለችኝ እህቴ። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን የአንገት በላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጠጥ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አጎቴ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ከማለዳ ጀምሮ ሽንኩርት የገባበት ነገር ሳይቀምሱ መጡ። እህቴ የጠርሙሱን ሽቦ ፈትታ ቡሹን ገና ነካ ስታደርገው፣ ጧ! ቡሹ ኮርኒሱን መትቶ ተመለሰና የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የለውዝ ሳህን ውስጥ አረፈ።

"ተኮሰ!" አሉ አጎቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "በልጅግ አይስትም!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ተቀዳ። አረፋው ነጭ ሆኖ እስከ አፉ ሞላ። አጎቴ በቀኝ አፍንጫቸው አሸተቱ፣ በግራው ደገሙ። ቀኙ የድንብላል፣ ግራው የልጣጭ ነው ይላሉ። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እንኳ ቢራ ጠምቄ የማላውቀው ሰውዬ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። እንደገና ጠጡ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቁልቁል አዩት።

"ጎድሏል።"

እህቴ ጎንበስ ብላ ጠርሙሶቹን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረች፤ በእጅጌዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። በዕድሜዬ አጎቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ያን ቀን ጮኽኩ።

"ኧረ ጋሼ ይበቃል! ምኑ ነው የጎደለው?"

ቂል እንደሚታይ አዩኝ።

"ብርጭቆው ነዋ! አትታይህም እንዴ ግማሽ ደርሳ? ሙዪው እንጂ የኔ ልጅ፣ ምን ያስለቅስሻል!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እልል አለች፣ እህቴ አጎቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ እኔም የማላውቀውን ሰው አቅፌ እዘላለሁ። ክቡርነታቸው ግን በዚያ ሁሉ ግርግር ብርጭቋቸውን እንደዘረጉ ነበሩ።

ይኸው አሁን "በልጅግ" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ አንድ ረድፍ ይዘዋል። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ በጉንፋን ቀሩ። "አፍንጫዬ ተዘግቷል፤ ያለ አፍንጫ ዳኝነት የለም" ብለው ላኩብን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ጠጣን። ፊቱን ያጨማደደ የለም፣ ሳህን ያሸተተ የለም። እኔም አንድ ጎንጨት አልኩና በአፌ አገላበጥኩት። ድንብላሉ አለ፣ ልጣጩ አለ፣ አረፋውም አለ። ባዶ ወንበራቸውን አየሁ።

"ምን ሆንክ?" አለችኝ እህቴ።

"ጎድሏል" አልኳት።

ምኑ ብላ አልጠየቀችኝም። ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ አነሳች፣ ተያይዘን ወደ አጎቴ ቤት ሄድን።