የሴቶች ኮንዶም ጥቅም፣ ጉዳትና ኮሽታ

ሰው ስለ ጎረቤቱ መኝታ ቤት ሳይጠይቁት ያወራል፤ ስለ ራሱ ሲጠይቁት ግን ስለ አየር ፀባይ ይጀምራል። እኛ ሰመራ የምንኖር ዕድለኞች ነን፤ ስለ አየር ፀባይ ወሬ አናጣም። እኔ ግን ደመወዜ የሚከፈለኝ ስለ መኝታ ቤቱ እንዳወራ ነው። የጤና አስተማሪ ነኝ።

አንድ ጊዜ አዋሽ ሄጄ ስለ ሴቶች ኮንዶም አስተማርኩ። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ፊቴን አኮሳትሬ፣ ሁለት ቀለበት ያለውን ለስላሳ ከረጢት ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ጥቅሙን ተናገርኩ፤ ሴቷ ራሷ ታስገባዋለች፣ ቀደም ብላም መዘጋጀት ትችላለች፣ በትክክል ከተጠቀሙበት ከእርግዝናም ከበሽታም ይከላከላል። ጉዳቱንም አልደበቅኩም፤ እስኪለምዱት ያስቸግራል፣ እንደ ልብ አይገኝም፣ አንዳንዴም ይንኮሻኮሻል።

ወይዘሮ ዘነበች እጇን አወጣች። አዋሽ ምግብ ቤት አላት። ባሏ አሰፋ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ በየመንገዱ የት የት እንደሚያድር የሚያውቁት እሱና መኪናው ብቻ ናቸው። የወንዱን ኮንዶም አድርግ ስትለው፣ «በዚህ ሙቀት ካፖርት ልልበስ?» ይላታል።

«ወንድሜ፣ ይሄኛውን የምለብሰው እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሙቀቱ የራሴ ነው። እኔ ጤናዬንም እፈልጋለሁ፣ ባሌንም እፈልጋለሁ» ብላ እፍኝ ሙሉ ዘግና ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ አሰፋ ተሳቢውን ሰመራ ቢሮዬ ደጃፍ ገተረው።

«ዶክተር፣ ምንድን ነው የሰጠሃት? ፌስታል ውስጥ ሙዝ የሚፈልግ ሰው አብሮን የተኛ ይመስላል እኮ!»

ዶክተር አይደለሁም። ግን በዚያ ፀሐይ ሰው ማረም ይከብዳል።

«ለሷ ነገርካት?»

«ነገርኳት። ‹መኪናህ ከሰርዶ እስከ አዋሽ ሲንኳኳ ችለህ የለ?› አለችኝ።»

ኮሽታውን እንዲውጥለት ቬንትሌተሩን ከፍ እንዲያደርገው መከርኩት። የኔ ሳይንስ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። ሰውየውም ለመደው መሰለኝ፣ ሲያልፍ ጡሩንባ ብቻ እየነፋልኝ ይሄድ ጀመር።

ከዚያ ዕቃው ጠፋ። አዋሽ የለም፣ ሰመራ የለም። ዘነበች ደግሞ «ወይ ካፖርትህን ልበስ፣ ወይ ብቻህን ተኛ» ብላ ትራሷን ለየች።

አሰፋ እንደገና መጣ።

«የሷ አልመጣም?»

«አልመጣም።»

በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ያንን የወንዱን አምጣው።»

በሰመራ እኩለ ቀን ካፖርት ለምኖ የሄደ ሰው እስካሁን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።